ከጉልበት በታች ያለው መስኮት

«ይሄን መስኮት የሰራው ሰው ሜትር አልነበረውም?»

እንዲህ ያለው ፒቪሲ የሚባለውን የፕላስቲክ መስኮት የሚገጥመው ባለሙያ ነው፤ በእናትየው መኝታ ክፍል ውስጥ ተንበርክኮ ሲለካ።

ልጅየው ትከሻውን ነቀነቀ። እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ያንኑ ሲል ነው የኖረው...

የሌሎቹ ክፍሎች መስኮት ከወገብ ይጀምራል። ይሄኛው ብቻ ከጉልበት በታች። ጓደኞቹ ቤት ሲመጡ «ይሄ መስኮት ነው ወይስ የድመት በር?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

አንድ ቀን ተናዶ አባቱን «መስኮት እንኳን በወጉ ማሰራት አቃተህ» አለው።

አባትየው ፈገግ ብሎ አለፈው።

አሁን አባትየው የለም። ከሞተ ሦስት ወሩ ነው።

ልጅየው አላለቀሰም። ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ቀብሩን አስፈጸመ፣ ወረቀቱን ጨረሰ፣ ስራ ገባ... ወጥ ጨው ይብዛበት ይነስበት አይለይም። ሰው «በርታ» ሲለው «እሺ» ይላል። ማን እንዳለው ግን አያስታውስም።

በዚህ መሃል እናትየው ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ሐኪሙ ለወራት ከአልጋ እንዳትነሳ አዘዘ።

እንግዲህ ልጅየው ሐዘኑን የሚያደርግበት ቢያጣ ቤቱን ማደስ ጀመረ። የእንጨት መስኮቶቹ አርጅተዋል፣ ዝናብ ሲዘንብ ያብጣሉ፣ ብርድ ያስገባሉ።

እንጨት ይሁን ወይስ ፒቪሲ?

ግማሹ ሰው «እንጨት ግርማ አለው» አለው። ግማሹ ደግሞ «ፒቪሲ ቀለም አይል፣ ቫርኒሽ አይል፤ አንዴ ገጥመህ መርሳት ነው» አለው።

መርሳት የሚለው ደስ አለው።

አልጠየቃትም እንዳይባል እናቱንም ጠየቃት። «እኔ ምን እላለሁ ልጄ፣ እንደፈለግህ» አለችው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

(እናት «እንደፈለግህ» ስትል «እንደፈለግህ» ማለቷ አይደለም። ይሄን ሳያውቅ ስንቱ ሸበተ...)

የፒቪሲው ባለሙያ መፍትሄ ነበረው። ከታች ሦስት ረድፍ ብሎኬት ተጨምሮ መስኮቱ ከሌሎቹ እኩል ይሆናል። ግንበኛው ነገ ጠዋት ይመጣል። ልጅየው ተስማማ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቀድሞ ተጠርቶ የነበረ አንድ ሽማግሌ አናጢ የእንጨቱን ዋጋ ሊነግረው መጣ። ሰፈሩ «ተኝቶ ለኪው» ነው የሚለው። ልጅየው ሰውዬው ሰነፍ ስለሆነ ይመስለው ነበር።

አናጢው መስኮቱን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ጥፍሩ እንጨቱ ውስጥ ሰመጠ።

«በስብሷል። ፒቪሲ አድርገው ልጄ። ይሄን ግድግዳ ዝናብ ፊት ለፊት ነው የሚመታው። እንጨት ብገጥምልህ እኔ ስራ አገኛለሁ፣ አንተ ግን በየዓመቱ ትጠራኛለህ።»

ልጅየው ገረመው። ገበያውን በገዛ አፉ የሚዘጋ ሰው አይቶ አያውቅም። ስለ ብሎኬቱም ነገረው፤ ስህተቱን ነገ እናስተካክላለን ብሎ።

አናጢው ዞር ብሎ አልጋውን አየ... እናትየው ዓይኗን ከደነች።

«ይሄን መስኮት የሰራሁት እኔ ነኝ» አለ ሽማግሌው። «እናትህ አንተን አርግዛ አምስት ወር ከአልጋ እንዳትነሳ ተብላ ነበር። ከተነሳች አንተ አትተርፍም። መስኮቱ ያኔ ከፍ ያለ ነበር፣ ከሰማይ በቀር ምንም አይታያትም።»

ሽማግሌው እጁን መስኮቱ ላይ አሳርፎ ቀጠለ።

«በአቧራው ምክንያት ከነፍራሿ ወደ ሳሎን ወሰድናት። አባትህ በእሷ ፋንታ እኔን እዚህ አልጋ ላይ አስተኛኝ። አንድ ረድፍ ብሎኬት ያነሳና ‹አሁንስ የግቢው በር ይታይሃል?› ይለኛል። ሦስተኛው ረድፍ ሲነሳ ታየኝ። የሰፈሩ ሰው ሳቀብኝ፣ ቅጽል ስሜም በዚያው ቀረ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ጠይቀኸው ነበር?»

አልጠየቀውም። መሳደብ እንጂ መጠየቅ ትዝ ብሎት አያውቅም።

ያኔ እናትየው ከትራሷ ላይ ሆና ተናገረች።

«ከስራ ሲመለስ በሩ ጋ ቆሞ እጁን ያነሳልኝ ነበር... አሁንም በዚያ ሰዓት ወደ በሩ አያለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ታዲያ ብሎኬቱን ለምን ተው አላልሽኝም?»

«ሸክም የሆንኩብህ መሰለኝ።»

ልጅየው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ከትራሷ ጎን አደረገ። የግቢው በር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማንም የለም።

ማልቀስ ፈለገ። እንባው አልመጣም።

ተነስቶ ለፒቪሲው ባለሙያ ደወለ። ግንበኛው እንዲቀር፣ መስኮቱ ግን በነበረበት ቁመት እንዲገጠም ነገረው። ባለሙያው «ከሌሎቹ እኩል አይሆንልህም እኮ» አለው።

«ይሁን» አለ ልጅየው።

አዲሱ መስኮት በተገጠመ ማግስት ከስራ ሲመለስ የግቢውን በር ከፈተና ቆመ። ትንሽ አፈረ... ከዚያ እጁን አነሳ።

ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከትራሱ ከፍታ ላይ፣ አንዲት ቀጭን እጅ ተነሳች።

አባቱ ከሞተ ከሦስት ወር በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው እዚያ ቆሞ ነው።

ወዳጆቼ... የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ያፈረሱትን ፍቅር ግን ማን ይለቅመዋል? ጠማማ የመሰላችሁን ነገር ከማቃናታችሁ በፊት ማን፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገው ጠይቁ። መልሱን የሚያውቀው ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁ።

እናንተስ... በቤታችሁ ውስጥ «ስህተት ነው» ብላችሁ ያለፋችሁት፣ ግን ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ያልጠየቃችሁት ነገር ምንድን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉት። መልሱን የሚያውቀው ሰው አሁን አጠገባችሁ ካለ ግን ኮሜንቱ ይቆይ... ስልኩን አስቀምጡና መጀመሪያ እሱን ጠይቁት።