የሐምሌ ሃያ ቁልቁለት

በረዶው ሲጀምር ቃልኪዳን ዳገቱን አጋምሳው ነበር። መጀመሪያ ሄልሜቷን ኳ ኳ አደረገው፤ ከዚያ ጣቶቿን፣ ጉልበቷን፣ ከንፈሯን ገረፈ። አልወረደችም። ማርሹን አቅልላ፣ መሪው ላይ ተደፍታ ፔዳሉን መርገጧን ቀጠለች። የንፋስ መውጫ ከተማ ከላይ በጉም ተውጣለች። የሚታያት አሥር እርምጃ የማይሞላ እርጥብ አስፋልት ብቻ ነው።

ሐምሌ የውድድር ጊዜ አይደለም። በዓመት አንዴ ባሕር ዳር ወርዳ የምትወዳደርበት ትራያትሎን፣ ዋናውም ብስክሌቱም ሩጫውም በአንድ ጠዋት የሚያልቅበት፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። እሷም ብትሆን የባዮሎጂ አስተማሪ እንጂ በስፖርት እንጀራ የምትበላ ሰው አይደለችም። አብረዋት የሚወዳደሩት በዚህ ወር ብስክሌታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያርፋሉ። እሷ ግን ዘንድሮ አንድም ቅዳሜ አላስቀረችም። ሰው ሲጠይቃት «ጉልበቴ እንዳይሰንፍ ብዬ ነው» ትላለች።

ዛሬ የታናሽ ወንድሟ የበላይነህ ሙት ዓመት ነው። ወደዚህ ስፖርት ያስገባችው እሷ ነበረች። አምና በዚችው ቀን፣ በዚሁ መንገድ፣ አብረው ቁልቁል ሲወርዱ ጭቃ አንሸራትቶት ከአስፋልቱ በታች ካለው የድንጋይ ቦይ ወደቀ። እናቷ ከትናንት ጀምራ ጎረቤት ሰብስባ ድግሱ ላይ ናት፤ «ማልደሽ ነይ» ብላ ሁለት ጊዜ ደውላላታለች። ቃልኪዳን ጎህ ሲቀድ ከተከራየችው ክፍል ወጣች፤ መሪውን ያዞረችው ግን ወደ ወላጆቿ ቤት ሳይሆን ወደ ቁልቁለቱ ነበር፤ አሁን እስከ ታች ወርዳ እየተመለሰች ነው።

መታጠፊያው ላይ አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ፍሬን ያዘች። አባቷ ቄስ አገኘሁ ናቸው። ጋቢያቸው እስከ ወገባቸው ርሷል።

«አባዬ! በዚህ በረዶ በእግርዎ መጡ?»

«መጣሁ።» ጃንጥላውን ወደሷ አዘነበሉላት። «ካህናቱ ተሰብስበዋል። እናትሽ ግን ቃልኪዳን ሳትመጣ ፍትሐቱ አይጀመርም ብላለች።»

«ይሂዱ፤ እደርሳለሁ።»

«አትደርሺም፣ ልጄ። ዓመት ሙሉ አልደረስሽም።»

ከብስክሌቱ ወረደች። ቄስ አገኘሁ አይናቸውን ወደ ቦዩ ጣሉ። ሬሳው ተጭኖ ቤታቸው ድረስ ስለመጣላቸው ይህን ቦታ አይተውት አያውቁም።

«እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው።»

በረዶው እየሳሳ ሄዶ ዝናብ ሆነ። ከቦዩ ማዶ ያለው ገብስ መሬት ላይ ተኝቷል።

«ዋሽቼዎታለሁ፣ አባዬ» አለች። «ነፋስ ስለነበር ምንም አልሰማሁም ብያችሁ አልነበር? ሰምቼዋለሁ። ‹እታለም!› ብሎ ጠራኝ። አንዴ። ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ ጠብቂኝ ይለኛል፤ ያው የተለመደ ፍርሃቱ ነው ብዬ... ጥሩ እየነዳሁ ነበር። መቆም አልፈለግሁም። ድልድዩ ድረስ ወርጄ ነው የቆምሁት። ስመለስ ገበሬዎች ከበውታል። ሄልሜቱን ፈትተውለታል።»

ያልሁትን ሰምተው ጥለውኝ ይሄዳሉ ብላ ጠበቀች። ቢሄዱም አትፈርድባቸውም። እሳቸው ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«ያን ጠዋት ተከናንቦ ተኝቶ ነበር» አሉ ቦዩን እያዩ። «ብርድ ነው፣ ዛሬስ አልሄድም አለኝ። ‹እህትህን በዚህ ጉም ብቻዋን ትለቃታለህ?› ብዬ ተቆጣሁት። ብርድ ልብሱን የገፈፍሁት እኔ ነኝ። ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ።»

ቃልኪዳን ቀና ብላ አየቻቸው። ያን ቀን በላይነህ ከበሯ ላይ ቆሞ «ናፍቀሽኝ መጣሁ» ብሎ ሲስቅባት ነበር።

«ለእማዬ ነገሯት?»

«ለማንም አልነገርሁ። የሰው ኃጢአት ስሰማ እውላለሁ፤ ይቺን ግን ለራሴ የንስሐ አባትም አፌን አልከፈትሁ። አንቺ ከቤት ስትርቂ፣ እናትሽ ስታለቅስ፣ እኔ...» ድምፃቸው ወረደ። «እኔ እፎይ እል ነበር። ያየሽኝ ዕለት የምታውቂብኝ ይመስለኝ ነበር።»

ልታቅፋቸው ፈለገች፤ ጣቶቿ ግን በብርዱ ደርቀው ከመሪው አልላቀቅ አሏት። አባቷ አዩ። ጃንጥላውን አስፋልቱ ላይ አስቀመጡ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከመሪው አላቀቁና ብስክሌቱን ከመንገዱ ዳር ካለው ጉብታ አስደገፉት። ከዚያ ጥምጥማቸውን ፈቱ።

«አባዬ፣ ኧረ ይተዉ! ሰው ያያል።»

«ይይ።»

ረጅሙን ነጭ ጨርቅ በሁለት እጆቿ ላይ እየደራረቡ ጠመጠሙት። ገና የሰውነታቸው ሙቀት አልለቀቀውም። ሲጠመጥሙ ወደሷ አጎነበሱ፤ ቃልኪዳንም ካምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ገልጠው አየቻቸው። አምና ግንባራቸው ላይ ብቻ ጣል ጣል ብሎ የነበረው ሽበት፣ ዛሬ አንድ ጥቁር ጠጉር አላስተረፈም። ዝናቡ በዚያ ነጭ ራስ ላይ ወርዶ፣ በጆሯቸው ሥር አልፎ፣ ወደ አንገታቸው ይገባል።

በተጠቀለሉት እጆቿ ጃንጥላውን ከመሬት አነሳችና በላያቸው ያዘችላቸው።