ቁምሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ማሽን

«አይወጣም አልኩ፣ ማሽኑ አይወጣም።»

«አባዬ፣ ከንፈርህ እኮ ጠቁሯል።»

«ድሮስ መቼ ቀይ ነበር?»

ይቺን ለማለት ሦስቴ አቋርጦ ተነፈሰ።

የኦክስጅን ማሽኑ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ካፖርቶቹ መሀል ተቆልፎበት ያጓራል። ያስቆለፈው እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶ ማንም እንዲያየው አይፈልግም። ቱቦው በቁምሳጥኑ ስንጥቅ ወጥቶ አልጋው ድረስ ይመጣል፤ እንግዳ ሲያንኳኳ ትራስ ስር ይገባል። አሁን ግን የሚመጣለት አየር አልረዳው ብሏል። አምቡላንስ ጠርቻለሁ፤ መንገድ ተዘግቶብናል ይላሉ።

ለማሽን ጠጋኙ ደውዬ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌዋለሁ።

«ንካው እስቲ፣ ይሞቃል?»

ጣቴን በቁምሳጥኑ ስንጥቅ ሰድጄ ነካሁት። «እንቁላል ይጠብሳል።»

«የት ነው ያስቀመጣችሁት?»

ነገርኩት።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ውስጡ ነጫጭ ጠጠር አለ። አየሩ በግፊት ሲገባ ናይትሮጅኑ ጠጠሩ ላይ ይለጠፋል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ግፊቱ ሲቀንስ የተለጠፈው ይለቅና ትሽ ብሎ ይወጣል። ጠጠሩ ከጋለ ግን መያዝ ያቅተዋል፣ ናይትሮጅኑም አብሮ ያልፋል።»

«እና አባቴ ምን እየተነፈሰ ነው?»

«እኔና አንተ የምንተነፍሰውን። ለአባትህ ደግሞ ያ አይበቃም። ቶሎ አውጣና ንፋስ ያለበት አድርገው።»

ቤታችን ውስጥ ንፋስ ያለው በሩ ጋ ብቻ ነው። በሩ ደግሞ የሚከፈተው ሰፈሩ ሁሉ ወደሚመላለስበት ኮሪደር ነው።

ቁልፉን አባቴ ጨብጦታል። ጣቶቹን ስፈለቅቅ «ወስላታ» ይለኛል፤ ድምፁ አይወጣም፣ ከንፈሩን አይቼ ነው ያወቅኩት። ትናንት በዚሁ እጁ ጆሮዬን ጠምዝዞ አስጩኾኛል። አሁን ምንም ሳይታገለኝ ተከፈተ።

ቁምሳጥኑን ከፍቼ ካፖርቶቹን ወለሉ ላይ በተንኳቸው። ገመዱ እንዳይነቀል እየተጠነቀቅኩ ማሽኑን ወደ በሩ ጎተትኩ፣ አልጋውንም ገፋሁ፣ በሩን በረገድኩት።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደጃፉ ላይ ተገትራለች። ቱቦውን አየች፣ ማሽኑን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? ከመቼ ጀምሮ?»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። በቃ፣ በሽታው ቢተወው ሀፍረቱ ይገድለዋል አልኩ። ደረቱ ተነሳ፣ ወረደ፣ እንደገና ተነሳ።

«ካየሽ አይቀር» አላት፣ «ከንፋሱ ፊት ዞር በይ።»