ቢሾፍቱ ወይስ አዳማ

ሰልሳቢል የአማቷን መዳፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ ሂና ትቀባ ነበር። "ለቅዳሜና እሁድ አዳማ ይሻለናል ወይስ ቢሾፍቱ?" አለቻት። "እማዬ፣ እጅሽን አታንቀሳቅሺው።" ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ወላጅ እናቷ ቀና አለች። እማዬ የተባለችው እሷ አልነበረችም። ደግሞስ አማትን አንቺ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው?

"የአዳማ ሙቀት ሰው ይጥላል" አለች እናት። "ቢሾፍቱም ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ ደግሞ ሰው ይበላል። መንገዱ ላይ ያለው ገልባጭ መኪናም ማንንም አይምርም።"

"አንቺማ እዚሁ ከዓለም ባንክ ሰፈር ቤቴል ለመሄድም ትፈሪያለሽ" አለች ሰልሳቢል ሳቅ ብላ። "መጀመሪያ አንቺን ነበር የጠየቅኩሽ። እምቢ አልሽ።"

እውነቷን ነበር። እምቢ ያለችው የሚሄዱበት መኪና ሲገለበጥ እየታያት ነው። አሁን ግን ልጇ የአማቷን ጣቶች አንድ በአንድ እያነሳች ስትቀባ ስታይ፣ የሚገለበጠው መኪና ከዓይኗ ጠፋ። የታዩዋት ሁለቱ ኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ሲስቁ ነበር።

"እኔም እኮ መኪና እፈራለሁ፣ እህቴ" አለቻት አማት በለሆሳስ። "ስለዚህ እስክንደርስ እጄን እንዳትለቂኝ ብያታለሁ።"

እናት ሻርፗን ጠበቅ አደረገች።

"እንግዲያው ቢሾፍቱ ይሁን፤ እሱ ይቀርባል" አለች። "እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ግን መሃላችሁ የምቀመጠው እኔ ነኝ።"