ሊሄዱ ነው

«ቁርጥ ሆኗል፤ ሊሄዱ ነው» አለች ሙሉሸዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ልጇ ቢታንያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን እያሰረች ነበር። እጇ ማሰሪያው ላይ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?» አለ አባቷ ገረመው።

«ራሳቸው ናቸዋ! ቦታውም ጠቧቸዋል። እዚህ የሚፈልጋቸው ሰው ያለም አይመስላቸው።»

«ትንሽ ቢታገሱ ምን ነበረበት!»

ቢታንያ ከዚያ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። ሬዲዮውም፣ ስኩል ባሱም፣ ሰፈራቸው ኮራል ስፕሪንግስ ያለው ጎረቤት ሁሉም የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ «ዘይ አር ሊቪንግ፣ ሊሄዱ ነው።» የበረዶ ሆኪ ቲሙ ቺኑክስ ካልጋሪን ለቆ የካናዳ ሌላ ጫፍ፣ ሃሊፋክስ፣ ሊገባ ነው። ባለቤቶቹ አዲስ አሪና፣ አዲስ የመጫወቻ አዳራሽ፣ ካልተሠራልን ይላሉ። ከተማው ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ እንኳን ለአሪና ለመንገድ ጉድጓድ መድፈኛም የለኝ ይላል።

ገረመው ራሱ የነዳጅ ካምፓኒ ሰው ነበር። ሌይኦፍ ተደርጎ ከሥራ ሲወጣ ያነሳው ቺኑክስ ነው፤ በጨዋታ እረፍት በረዶውን የሚያለሰልሰውን ትልቁን ማሽን ይነዳል። ሙሉሸዋም እዚያው የተጫዋቾቹን ማልያ ታጥባለች። «ቲሙ ከሄደ ተከትለን መሄድ ነው፣ ሌላ ምን አለን?» ብሎ ነበር ገረመው አንድ ቀን። ቢታንያን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው።

ድሮ ክላስ ውስጥ ስሟ ሲጠራ ከደብተሯ ቀና አትልም ነበር። ዘንድሮ ግን ክርክር የሚደረግበት ዲቤት ክለብ ገብታለች፤ እጇን አውጥታ ትናገራለች፤ ሰው ያዳምጣታል። አዲስ ትምህርት ቤት ሄዳ እንደገና ዱዳ መሆን? ኖ ዌይ።

ከዲቤት በፊት ንግግሯን የምትለማመደው ቤዝመንት ወርዳ፣ እዚያ በሚኖሩት አያቷ አባባ ተድላ ፊት ቆማ ነው። አባባ ቴሌቪዥናቸውን ቀነስ አድርገው፣ እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደራርበው እስከ መጨረሻው ይሰሟታል። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አይገባቸውም።

«እሰይ! አፈር ስሆን፣ ዳኛም ቢሆን አይችልሽ» ይሏታል። «ለመሆኑ ስለ ምንድን ነው?»

በማግስቱ መኪና ውስጥ ቢታንያ አላስቻላትም።

«ዳድ፣ ሊሄዱ ነው እንዴ?»

ገረመው መሪውን ጨበጥ አደረገ። «ሰማሽ?»

«የስ። ላይክ... የምር ነው?»

«እየለመንናቸው ነው። እናትሽማ እግራቸው ላይ መውደቅ ነው የቀራት።» ወደ እሷ ዞር ብሎ፣ «አንቺ ብትናገሪያቸው እኮ ይሰሙሽ ነበር» አላት።

«እኔ? ሃሃ፣ ቬሪ ፈኒ።»

«አልቀለድኩም።»

የቀለደባት መሰላት። ግን ነገሩ ከውስጧ አልወጣ አለ።

ቅዳሜ ዕለት የቺኑክስ ባለቤቶች ደጋፊውን አሪናው ውስጥ ሰብስበው ነበር። ቢታንያ ተሰልፋ ማይኩን ያዘች። ሥራ ስላጡ አባቶች ተናገረች፤ ሰፈራቸው ውስጥ የ«ፎር ሴል» ታፔላ ያልተተከለበት ደጅ እንደሌለ ተናገረች፤ ቲሙ ከሄደ ከተማው ምን ይዞ ክረምቱን እንደሚገፋ ጠየቀች። ሰው ቆሞ አጨበጨበላት። ከባለቤቶቹ አንዱ ስልኩን እየነካካ ነበር። ሌላው «ታንክ ዩ፣ ስዊትሃርት። ኔክስት!» አለ።

ቤት የገባችው በሩን ወርውራው ነው።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?» አለች ሙሉሸዋ ከምድጃው ዞር ብላ።

«ይሂዱ!» ጮኸች ቢታንያ። «አይ ዶንት ኬር! ሲሪየስሊ፣ ማን ያዛቸው? ይሂዱ!»

የሙሉሸዋ ጭልፋ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ቢታንያ! ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል!»

«ይስሙኛ! እንዲሰሙኝ ነው የምፈልገው! ለምኗቸው፣ ለምኗቸው፣ እስከ መቼ? ምን ጠቀሙን? እዚህ ካልተመቻቸው ሻንጣቸውን እኔ እሸክምላቸዋለሁ!»

«ኧረ አፍሽን ያዢ! ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!» ሙሉሸዋ እንባዋ መጣ።

ቢታንያ እናቷን ለሥራዋ ስታለቅስ አይታ የባሰ ተናደደች። «ሶሪ፣ ማም፣ ግን እውነቱን ነው የተናገርኩት» ብላ ክፍሏ ገባች። ታች የአባባ ቴሌቪዥን ሲጠፋ ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጭር አለ። እናትና አባቷ በሹክሹክታ ያወራሉ፤ እሷ ስትመጣ ዝም ይላሉ። ቢታንያም አኮረፈቻቸው፤ ሃሊፋክስ ሊዛወሩ ከሆነ ለምን አይነግሯትም? ለዲቤቱ ልትለማመድ ቤዝመንት ስትወርድ እንኳ አባባ «ዛሬ ጆሮዬ ደክሟል፣ ልጄ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሁሉም ነገር አናደዳት።

ሐሙስ ጠዋት ባስ እንዳያመልጣት ስትሮጥ አባባ በሩ ጋ ጠብቀው ግንባሯን ሳሟት።

«ድምፅሽን አደራ» አሏት። «ማንም ዝም እንዳያሰኝሽ።»

«ኦኬ አባባ፣ ሌት ሆንኩ፣ ረፈደብኝ!»

ምሳ ሰዓት ላይ የካፍቴሪያው ስልክ ሁሉ ባንዴ ጮኸ። ቺኑክስ ተስማምቷል። ካልጋሪ ይቀራል። ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ወጡ፤ አንዷ ቢታንያን አንቃ «ያንቺ ንግግር ነው! ያንቺ ንግግር ነው!» አለቻት።

ከባስ ወርዳ የሰፈሩን ሐይቅ ዞራ፣ በረዶው እያንሸራተታት፣ እስከ ቤት በሩጫ ገባች።

«ማም! ዳድ! አልሄዱም! ሰማችሁ? አልሄዱም!»

ገረመው ኮቱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ሙሉሸዋ ዓይኗ ደም መስሎ ቀና አለች።

«ማነው አልሄዱም ያለሽ?» አለች። «አባባን አሁን ኤርፖርት ሸኝተን መመለሳችን ነው።»