ድንኳን የጋረደው ማሽን

ወንድሜ ጋሼ ዳምጤ ከመስታወትና ከቱቦ በገጣጠመው ማሽን ውኃን እና አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ኃይል ነጭ ጋዝ ሊያደርግ ዓመታት ደከመ። በመጨረሻ ከማሽኑ ሥር የገጠመው ጠርሙስ ትንሽ ትንሽ ያጠራቅም ጀመር። ማታ ማታ ፈትቶ ያመጣና፣ «አሽትት እስቲ፣ አንተ ጠርጣራ!» ይለኛል። ኩራዝ ውስጥ ጨምሮ ያበራዋል፤ ሚስቱ እትዬ አስካለ እልል ትላለች።

ታሞ የሄደበት ሐኪም ሆስፒታል ተኝተህ ታከም ሲለው፣ «አሁን? ጠርሙሱ መሙላት ሲጀምር?» ብሎ ተመለሰ። የሞተ ዕለት ማታም ጠርሙሱን ራሱ አንጠፍጥፎ መልሶ ገጥሞት ነበር። መቃብሩ ላይ ሥራውን እንደምጨርስለት ማልኩ።

በሠልስቱ ለቀስተኛው ሲበተን ወደ ማሽኑ ሄድኩ። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው በላዩ ላይ ስለነበር ፀሐይ አላየም። ባዶውን ጠርሙስ አጥቤ ላስቀምጥ ስፈታው ከበደኝ። እስከ ግማሹ ነጭ ጋዝ ነበረበት።

ይዤው እትዬ አስካለ ፊት ቆምኩ። ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ አየችው፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ጠዋት ጠዋት እሱ ሳይነቃ ነበር የምጨምርለት» አለችኝ። «እጄ ለምዶ ነው።»