ከአጥሩ ማዶ ያለው መኖ

ሰዕዲያ የመጀመሪያ ልጇን ሀዲልን የቀበረችው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። በነሐሴ ደግሞ ትንሿ ኑሃ ማስመለስ ጀመራት።

አሶሳ ዳር ያለው ያ ሰፈር ወሬ ጠፍቶበት አያውቅም። ያን ክረምት ግን የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሙዳሲር መኖ። ሙዳሲር የሰዕዲያ ባል ታናሽ ወንድም ነው። ባሏ ኩርሙክ ወርቅ ቁፋሮ ከሄደ ወዲህ በአንድ አጥር ተጎራብተው ይኖራሉ። ሙዳሲር በግንቦት ሁለት መቶ ጫጩት አስገባ፤ ለጫጩቶቹም ጽሑፉን ሰፈርተኛው የማያነበው ከረጢት ሙሉ መኖ አስመጣ።

መምህር እዩኤል ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ ከረጢቱን አየት አደረገና፣ "ይሄ እኮ ዘረ መሉ የተለወጠ በቆሎ ነው" አለ። "ዶሮዋ እሱን ትበላለች፣ እናንተ እንቁላሏን ትበላላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ይወቀው።"

መምህሩ የሚያስተምረው ስፖርት ነው። ይህን ያነሳ ሰው ግን አልነበረም።

ሰዕዲያ ዘረ መል ምን እንደሆነ አታውቅም። መፍራት ግን ታውቃለች። በዚያው ሳምንት እንቁላል እርም አለች። ጎተራዋ የሙዳሲርን አጥር ተጠግቶ የቆመ ስለሆነ፣ የመኖው አቧራ እንዳይደርስበት ብላ እናቷ ከመንጌ የላከችላትን ማሽላ በሙሉ በከረጢት እየሞላች ልጆቿ ወደሚተኙበት ክፍል አስገባች። መስኮቱን በላስቲክ ሸፈነችው። በቀርቀሃው ግድግዳ ላይ ያገኘችውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ ደፈነች። ጎረቤቶቿ አይተው፣ እናት እንዲህ ናት አሉ።

ያም ሆኖ ሀዲል ሞተች። ጠዋት ጠዋት እያስመለሳት፣ ከሰዓት እየተሻላት፣ በዘጠነኛው ቀን አልነቃችም። ጤና ጣቢያ፣ "የበላችው ነገር ነው" ብለዋት ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ኑሃ ባምባሲ አክስቷ ቤት አንድ ወር ቆየች። ጉንጯ ሞልቶ፣ ዘፈን ተምራ ተመለሰች። ወደ አልጋዋ በተመለሰች በአራተኛው ቀን ግን ማስመለስ ጀመረች።

ሰዕዲያ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ባምባሲ የሙዳሲር መኖ የለም። እዚህ አለ። ማለዳ የልጇን ክፍል ስትከፍት የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ይቀበላታል፤ ስንጥቁን እንደገና ብትደፍነውም ሽታው ባሰበት እንጂ አልተወም። እሷንም እዚያ ስትቀመጥ ራሷን ይፈልጣታል። ሐዘን ነው ብላ ትተዋለች።

አንድ ቀን አልጋው ሥር ሁለት አይጥ ሞቶ አገኘች። በጨርቅ ጠቅልላ ወስዳ ሙዳሲር እግር ሥር ወረወረችው።

"መኖህን በልተው ነው!"

"ወላሂ ሰዕዲያ፣ ዶሮዎቼም እሱኑ ነው የሚበሉት። ምንም አልሆኑም።"

"ዶሮህ ልጅ ነው እንዴ?"

ሀዲልን መቃብር ያወረዳት ሙዳሲር ነው፤ ክብደቷ እስካሁን ክንዱ ላይ አለ። በማግስቱ መኖውን በሙሉ ላምባ ደፍቶ አቃጠለው። ዶሮዎቹንም አላህን ፈርቶ ለማንም አልሸጠም፤ አርዶ ቀበራቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለው የለም። ጠዋት ጠዋት ባዶው ቤት ውስጥ የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል ይላል። የልጅ ገዳይ ነኝ ብሎ ራሱን አሳምኗል፣ ያሳዝናል።

መኖው ተቃጥሎም ኑሃ አልዳነችም።

"ግድግዳው ጠጥቶታል" አለች ሰዕዲያ፤ ላስቲኩንም ደረበችው።

ደባልቄ የመጣው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የመኖ ባለሙያ ነው፤ ሰፈርተኛው ግን ዶክተር ይለዋል። መኖው ሳይቃጠል ናሙና ወስዶ ነበር። አሁን የምርመራውን ወረቀት ይዞ ደጃፏ ላይ ቆመ። ሙዳሲር ከአጥሩ ማዶ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል።

"እህቴ፣ መኖው ተመርምሯል። መርዝ የለበትም።"

"ዘሩስ? ተለውጧል?"

"እሱን እዚህ የሚመረምር መሣሪያ የለም። አላውቅም።"

"አየህ! አታውቅም።"

ደባልቄ አፈረ። እውነቷን ነው፤ አያውቅም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ልጅቷ የት አለች?"

"ውስጥ ተኝታለች። ዛሬ ጠዋት አስመልሷት፣ ከዚያ እንቅልፍ ደህና ያዛት። አትቀስቅሳት።"

"የምትበላው ምንድን ነው?"

ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር የኖረችው። በእግሯ ጣት እየረገጠች ወደ ክፍሉ ገባች፤ ከኑሃ ራስጌ ካለው ከረጢት አንድ እፍኝ ማሽላ ዘግና፣ በሩን ከኋላዋ ጥብቅ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

"ይሄ የእናቴ ማሽላ ነው። የእኛ ዘር ነው፣ ማንም አልለወጠው። ገንፎ በባሚያ፣ ሌላ ምንም አትበላም።"

ደባልቄ ማሽላውን መዳፉ ላይ እያገላበጠ አየው። ባለሙያ ነውና እህል ማየት ይወዳል። ከፍሬዎቹ አንዲቷ እንኳ አልተበሳችም። በዚህ ዝናብና በዚህ ሙቀት እንዲህ ያለ እህል አይቶ አያውቅም።

"ነቀዝ የሚባል የለበትም እኮ" አላት፣ ከልቡ ተገርሞ።

ሰዕዲያ ሀዲልን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

"ነቀዝ ከየት ይመጣል፣ ዶክተር? የነቀዝ ክኒን አለ፤ እኔ ራሴ በየጁምዓው ከረጢት ውስጥ እጨምራለሁ።"

የደባልቄ ዓይን ከኋላዋ ጥብቅ ብሎ ወደተዘጋው በር ዞረ፤ ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ የሚተፋው ጋዝ ሰው ይገድላል።