የተወለወለው ጠረጴዛ

«ጠረጴዛውን ማነው የወለወለው?» አለች እትዬ፣ ድምጿን ዋጥ አድርጋ።

«እኔ ነኛ!» አለች የመድረክ ዕቃ ጠባቂዋ በኩራት። «አዲሱ ካሜራ የዝንብ ኮቴ እንኳ አያሳልፍም አሉ። ጠርዙ ላይ አንዱ ባለጌ እስክሪብቶ ሲሞክርበት የከረመ ይመስል ነበር፤ በአልኮል ፈትጌ ድራሹን አጠፋሁት። ትሪውንም፣ ወንበሩንም አልማርኩም።»

እትዬ ጎንበስ ብላ ጠርዙን አየች። ያ ሁሉ ሙጭርጭር የገዛ እጇ ጽሑፍ ነው። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰባት መስመር፣ ትሪው ላይ አራት፣ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሦስት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀረጻ በፊት ሹልክ ብላ እየገባች፣ ባሏ የሚናገረውን ቃል በየዕቃው ላይ ስትጽፍለት ኖራለች። ባሏ ስንል የቴሌቪዥኑን ነው፤ የራሷ ባል ቤቱ ቁጭ ብሎ ኳስ ያያል። ይኼኛው ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የሠራችው ጋሽ ሳይቸግረው ነው። ሕፃን ሽማግሌው በዚሁ ስም ስለሚጠራው፣ እናቱ ያወጣችለት ስም የት እንደገባ እንጃ።

መርሳት ሲጀምረው የነገረው ለእሷ ብቻ ነበር። «የማልችልበት ቀን ሲመጣ ከሰው በፊት አንቺ ንገሪኝ» ብሎ አስምሏታል። እሷ ግን ዛሬ ነገ ስትል ይኸው ሁለት ዓመት ሞላ። ማዘኗ እውነት ነው። ግን ደግሞ የሳይቸግረው ሚስት ያለ ሳይቸግረው ምን ሥራ አላት? አፏን የያዛት ይኸም ጭምር ነው።

እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዋን ስታምስ አዘጋጁ «ጸጥታ! ቀረጻ!» አለ። መብራቱ ቦግ ብሎ በራ፤ አዳራሹን የሞላው ተመልካች ጸጥ አለ።

ጋሽ ሳይቸግረው ገና ብቅ ሲል ጭብጨባው ቀለጠ። የዕለቱ ቀልድ ቀላል ነው፤ ሰውዬው ጓጉንቸር መግዣ ቢያጣ የቤቱን በር ሸጦ ገዝቷል፤ አሁን ይህንን ለሚስቱ ማስረዳት አለበት። ኮፍያውን አወለቀ፤ እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን ተደግፎ ወደ ጠርዙ አየ። ምንም የለም። በጣቱ ዳሰሰው። ጎንበስ ብሎ ከሥሩም ፈለገ። ሰው መሳቅ ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ በራችን የት ሄደ?» አለች እትዬ ልታስታውሰው።

«የማን በር?»

«የቤታችን ነዋ!»

ዙሪያውን አየ። ሶፋውን፣ መጋረጃውን፣ ከላይ የተሰቀሉትን መብራቶች አንድ በአንድ ካየ በኋላ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺም እዚህ ነው የምትኖሪው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ወይዘሮ ሆዳቸውን ይዘው «ኧረ በገላጋይ!» ይላሉ። እትዬ ግን ፊቱን እያየች ነበር። ቂል ሆኖ ሲሠራ ግራ ቅንድቡ ወደ ላይ ትሰቀላለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። አሁን አልተነሣችም። ሰውዬው ፈርቷል። እጅጌዋን ጨምድዶ ያዘና በሹክሹክታ «ልጄን ጥሪልኝ» አላት።

«ና ወደ ጓዳ! ጉድህን እዚያ ታስረዳኛለህ!» ብላ ጮኸችና እየጎተተች ይዛው ወጣች። ሰው ይህንንም ቀልድ ነው ብሎ አጨበጨበ።

ከጣውላው ግድግዳ ጀርባ አዘጋጁ እየሮጠ ደረሰ። «እንዲህ ያለ ሳቅ በዕድሜዬ አልሰማሁም! ከየት አመጣችሁት? በቃ፣ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ሁሉንም ይርሳ፤ ሰፈሩንም፣ ሚስቱንም፣ ስሙንም!»

«ትወና አይደለም» አለች።

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ።

«በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ አትሳቅ። ታሟል። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጽሑፍ የሱ ቃል ነበር፤ የምጽፍለት እኔ ነኝ። ዛሬ የቀረጻችሁትን ለሰው እንዳታሳዩት። ከእንግዲህ አይሠራም። እኔም አልሠራም።»

አዘጋጁ ወደ ሰውዬው አየ፤ ወደ እሷ አየ፤ መጨረሻ ላይ «እሺ» ብሎ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ዕቃ ጠባቂዋ በመወልወያ ጨርቋ አፏን ይዛ ቀረች።

ጋሽ ሳይቸግረው ሳጥን ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ልቡናው መለስ ብሎለታል። የሰውን ጫጫታ እያዳመጠ ፈገግ አለ።

«ምን ብዬ ነው እንዲህ ያሳቅኋቸው?»

እትዬ አንድ ጥሩ ቀልድ ፈጥራ ልትነግረው አፏን ከፈተች። አልሆነላትም። ከጎኑ ተቀመጠች።

«ምንም አላልክም። ጠፋብህ።»

 ኮፍያውን በእጁ ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆየ።

«ቀኑ ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ነው፣ ወንድሜ።»

ራሱን ነቀነቀ። ያለቀሰችው እሷ ናት። እሱ እንባዋን በኮፍያው ጠረገላትና «በይ ተነሺ፣ ሰው ሳይበተን እጅ ነሥተን እንሰናበት» አላት።

ክንዱን ይዛ ወጣች። ተመልካቹ በሙሉ ቆሞ ያጨበጭባል። እሱ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ለባዶው የጣውላ ግድግዳ እጅ ነሣ።

አዳራሹ እንደገና በሳቅ ተናጋ። እትዬ ልታዞረው እጇን ዘርግታ ተወችው። እሷም ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጠችና፣ ከጎኑ ቆማ፣ ለጣውላው ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።